ቦንሳይ ሲታመም፦ ሥሩን ሳታዩ ቅጠሉን አታክሙ

ነሐሴ ላይ ነበር። ሰባት ዓመት በረንዳዬ ላይ ያሳደግኳት ወይራ መጠውለግ ጀመረች። ውሃ የጠማት መሰለኝ። አጠጣኋት። በማግስቱ ለውጥ አላየሁም፤ ጨመርኩላት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሎቿ ደርቀው ረገፉ። ከሸክላው ሳወጣት የሥሯ ልጥ በጣቶቼ መካከል እየተንሸራተተ ወለቀ። የቀረው ጥቁር ክር ብቻ ነው። አፈሩ የቆመ የቦይ ውሃ ይሸት ነበር። ዛፏን የገደላት ጥም አልነበረም። እኔ የጨመርኩት ውሃ ነው።

በጣም አዘንኩ። ሰባት ዓመት ቀላል አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሕግ አለኝ፦ ሥሩን ሳላይ ቅጠሉን አላክምም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት አዲስ አበባና አካባቢዋ ወይራ፣ የሐበሻ ጽድ፣ ፊከስ፣ ቡና ወይም ሮማን በቦንሳይ መልክ፣ ማለትም እየተገረዘ ትንሽ ሆኖ እንዲኖር፣ በትንሽ ሸክላ የምታሳድጉትን እያሰብኩ ነው። ውጭ አገር ላላችሁም መንገዱ ያው ነው። የሚለየው ወቅቱና የዛፉ ዓይነት ነው።

ዝርግ ሸክላ ለምን ያሳምማል

«ቦንሳይ» የጃፓን ቃል ነው። «ቦን» ዝርግ ሸክላ፣ «ሳይ» ደግሞ መትከል ነው። በዝርግ ሸክላ የተተከለ ማለት ነው። የአብዛኛው በሽታ ምንጭም እዚሁ ስሙ ውስጥ አለ።

አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ንከሩና አውጡት። በጠፍጣፋው ያዙት። መንጠባጠቡ እስኪያቆም ጠብቁ። አሁን በቁመቱ አዙሩት። እንደገና ውሃ ይወርዳል! ስፖንጁ ያው ነው። የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው። አፈርም እንደዚሁ ነው። ውሃ ከሸክላው በታች በኩል ተጠራቅሞ አልወርድ ይላል። ረጅም ሸክላ ከሆነ ያ ርጥብ ክፍል ከብዙው ሥር በታች ይቀራል። ዝርግ ሸክላ ውስጥ ግን ሥሩ ባብዛኛው እዚያው ውስጥ ነው። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል። አየር ሲያጣ ይዳከማል። ያኔ ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ የሚባሉት የውሃ ሻጋታዎች ይገቡበታል። ዘራቸው ጭራ አለው። በርጥብ አፈር ውስጥ እየዋኘ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ይሄዳል።

ብዙ ሰው ውሃ እንዲወርድ ብሎ ከታች ጠጠር ያነጥፋል። እኔም አደርገው ነበር። አይጠቅምም። ርጥቡ ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይቀመጥና ጭራሽ ለሥሩ ይቀርባል። ሸካራ መሆን ያለበት አፈሩ በሙሉ ነው።

አንደኛ፦ እጃችሁን ሰብስቡ

ዛፉ ሲከፋው የመጀመሪያው ፍላጎታችን አንድ ነገር ማድረግ ነው። ውሃ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት። ለአንድ ቀን ምንም አታድርጉ። ይልቅ ወረቀት ያዙና ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ጻፉ። ለመጨረሻ ጊዜ ያጠጣሁት መቼ ነው? ቦታ ቀይሬበታለሁ? ማዳበሪያ ሰጥቻለሁ? መቼ ገረዝኩት? አፈር የቀየርኩለት መቼ ነው? አጠገቡ ያሉት ዛፎችስ ምን ይመስላሉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። አብዛኞቹ በሽታዎች የሚመርጡት ዛፍ አላቸው። የቡናው ዋግ ወይራውን አይነካም። ስለዚህ ወይራው፣ ፊከሱና ሮማኑ በአንድ ሳምንት ተመሳሳይ ምልክት ካሳዩ በሽታ አትፈልጉ። ውሃውን፣ ውርጩን፣ ፀሐዩን ወይም የረጫችሁትን ነገር ጠርጥሩ። አንድ ዛፍ ብቻ፣ ከአንድ ቅርንጫፍ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ የሚዛመት ከሆነ ግን ሕያው ጠላት አለ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ታሟል ወይስ ልማዱ ነው?

ፊከስ ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን ያራግፋል። ከቤት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ቤት ስታዘዋውሩት ግማሹን ሊጥል ይችላል። ተዉት፤ ይመልሳል። ጽድ ከውስጥ በኩል፣ ፀሐይ የማያገኘው አሮጌ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። ጫፎቹ አረንጓዴ ከሆኑ ደህና ነው። ሮማን በብርድ ወራት ቅጠሉን ቢጥል አትደንግጡ።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ዛፉን ከሸክላው ስታወጡ፣ በተለይ የፓይን ዘር ከሆነ፣ በሥሩ መካከል ነጭ ክር ይታያል። ሻጋታ ነው ብለው የሚያጥቡት አሉ። ሽታው የእንጉዳይ፣ የጫካ አፈር ከሆነ ዛፉን የሚመግብ ወዳጅ ፈንገስ ነው። እንዳታጥቡት።

ሦስተኛ፦ በሕይወት አለ?

በጥፍራችሁ ወይም በምላጭ ጫፍ ከቅርንጫፉ ላይ ቅርፊቱን በጣም ትንሽ ፋቁ። ከቅርፊቱ በታች ያለው ርጥብና አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቦታ ሞቷል። ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ግንዱ ውረዱ። አረንጓዴው የት ጋ እንደሚጀምር ታገኛላችሁ። ሞት የቆመበት ቦታ እዚያ ነው።

ጽድ ላይ ተጠንቀቁ። ጽድ ከሞተ በኋላ ሳምንታት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቅጠሉ ወዙን አጥቶ ወደ ግራጫ ካዘነበለና ስትነኩት እንደ ደረቅ ሣር ካንኮሻኮሸ ነገሩ ቀደም ብሎ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጽድን በየሳምንቱ የማየው።

አራተኛ፦ አፈሩን ጠይቁት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ቦንሳይ ከማንኛውም በሽታ ይልቅ በውሃ ስህተት ይሞታል ብዬ አምናለሁ።

የእንጨት ስንጥር ውሰዱ። ከግንዱና ከሸክላው ጠርዝ መሃል እስከ ታች አስገቡት። አሥር ደቂቃ ተዉትና አውጡት። ጫፉ ርጥብና ጥቁር ሆኖ ከወጣ ውሃ አለ። ላዩ ደርቆ ታቹ ጭቃ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ላዩን በጣት ነክቶ መወሰን የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። ስንጥሩን አሽትቱት። ጥሩ አፈር የዝናብ ሽታ አለው። ከመረረ፣ ከኮመጠጠ ወይም እንቁላል እንቁላል ካለ ታች ያለው አፈር ታፍኗል።

ዛፉ ጠውልጎ አፈሩ ደረቅ ከሆነ መልሱ ውሃ ነው። ሸክላውን ባልዲ ውስጥ እስከ ጠርዙ ንከሩት፤ አረፋ መውጣቱ ሲያቆም አውጡት። ዛፉ ጠውልጎ አፈሩ ርጥብ ከሆነ ግን ሥሩ መጠጣት አቅቶታል። አንድም ጠብታ አትጨምሩ። በቀጥታ ወደ ሰባተኛው ደረጃ እለፉ።

አምስተኛ፦ ቅጠሉን አንብቡ

ቅጠል የሚናገረው በቦታ ነው። ቢጫው ከየት ጀመረ? አሮጌው የታችኛው ቅጠል ቀድሞ እኩል ከገረጣ ናይትሮጂን አንሶታል። ለጋው የላይኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ሥሩ ስለታመመ ወይም አፈሩ ኖራ ስለበዛበት ነው መውሰድ ያቃተው። የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ብቻ እንደተቃጠለ ቡናማ ከሆነ ጨው ተጠራቅሟል፤ ማዳበሪያ አብዝታችኋል ማለት ነው። በፀሐይ በኩል ያለው ቅጠል ብቻ ከነጣ ፀሐይ ነው ያቃጠለው።

ነጠብጣብ ሲሆን ደግሞ ቅርጹን ተመልከቱ። ክብ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ ዙሪያው ቢጫ ከሆነ ባብዛኛው ፈንገስ ነው። ውሃ የነካው ወረቀት የመሰለ፣ ደም ሥሩ ጋ ሲደርስ ተቆርጦ የቆመ ማዕዘናም ነጥብ ከሆነ ባክቴሪያ መሆኑ ይበልጣል። ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል አመዳይ ነው። ከቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ዱቄት ካለና ጣት ላይ ከቀረ ዋግ ነው። ገበሬው ስንዴ ላይ የሚያውቀው የዋግ ዘመድ ነው። ቡና በቦንሳይ የምታሳድጉ ይህንን አንድ ቀን ማየታችሁ አይቀርም።

ፊከስ ላይ ለጋው ቅጠል እንደ ሳምቡሳ ታጥፎ ከተዘጋ ክፈቱት። ውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ነፍሳት ካሉ ትሪፕስ ናቸው። የታጠፈውን ቅጠል ቆርጦ ከማስወገድ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁለትም፤ የሚረጨው ነገር እጥፋቱ ውስጥ አይገባም።

ስድስተኛ፦ ከቅጠሉ ጀርባና ከግንዱ ላይ ፈልጉ

ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ በታች ያዙ። ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጉት። የወደቁት ጥቃቅን ነጥቦች መንቀሳቀስ ከጀመሩ ቀይ ሸረሪት ነው። በጣታችሁ ስትደፈጥጡት ቀይ ወይም አረንጓዴ መስመር ይተዋል። በአዲስ አበባ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ሲደርቅ ጽድ ላይ ይበዛል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በክረምት ማሞቂያ ቤታችሁን ሲያደርቀው እቤት ያለው ፊከስ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቅጠሉ የሚያጣብቅ ከሆነ ቀና ብላችሁ ከላዩ ያለውን ቅርንጫፍ እዩ። ክሽክሽ፣ ሚሊበግ (ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ) ወይም ስኬል (እንደ ቅርፊት ተለጥፎ የሚኖር ተባይ) አለ። የዛፉን ፈሳሽ መጠው ጣፋጭ ነገር ያንጠባጥባሉ። በዚያ ላይ ጥቁር ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል። ጥላሸቱ ራሱ ዛፉን አይበላም፤ ብርሃን ይከልለዋል እንጂ። ነፍሳቱ ሲጠፉ እሱም ይታጠባል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰም ያንን ጣፋጭ ፍለጋ ነው። ጉንዳን ክሽክሽን ከጠላቶቹ ስለሚጠብቀው መጀመሪያ የጉንዳኑን መንገድ ዝጉ።

ስኬልን ብዙ ሰው የቅርፊት እብጠት ነው ብሎ ያልፈዋል። በጥፍር ገፋ አድርጉት። ከተነሳ ነፍሳት ነው።

ግንዱ ላይ የሰመጠ፣ የጠቆረ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሙጫ የሚያወጣ ቦታ ካለ ቁስለት ነው። ባብዛኛው የሚጀምረው ከመግረዣ ቁስል ወይም ሥጋው ውስጥ ከሰመጠ ቅርጽ ማስያዣ ሽቦ ነው። ቀይ ብርቱካናማ ጥቃቅን ኪንታሮት የሚመስሉ ነገሮች የሞተ ቅርንጫፍ ላይ ካያችሁ ፈንገስ ፍሬ አፍርቷል።

ሰባተኛ፦ ሥሩን ክፈቱ

ከላይ ያሉት ምልክቶች በቂ መልስ ካልሰጧችሁ ወይም አፈሩ ርጥብ ሆኖ ዛፉ ከጠወለገ ዛፉን አውጡት። ሥራውን ጥላ ቦታ ላይ አድርጉት። ሥሩ እንዳይደርቅ ርጥብ ጨርቅ አዘጋጁ። በሸክላው ዙሪያ ቢላ አሳልፉ፤ ማሰሪያ ሽቦ ካለ ከታች ቁረጡ፤ ግንዱን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ።

ጤነኛ ሥር ጠንካራ ነው። ጫፉ ነጭ ወይም ክሬም ነው። የታመመ ሥር ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ለስላሳ ነው። በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። ልጡ ወልቆ መሃሉ ያለው ክር ብቻ በእጃችሁ ከቀረ በስብሷል። ደረቅና ተሰባሪ ከሆነ ግን የሞተው በጥም ነው። ሥሩ ላይ እብጠት እብጠት ካለና ታሽቶ የማይወልቅ ከሆነ ኔማቶድ መሆኑን ጠርጥሩ፤ በዓይን የማይታይ ትል ነው። ባቄላ ነክ ዛፎች፣ እንደ ግራር ያሉት፣ የራሳቸው ጤነኛ እብጠት አላቸው። የነሱ በጣት ሲነካ በቀላሉ ይወልቃል።

የበሰበሰ ሥርን ማዳን

አፈሩን በሙሉ አራግፉና ሥሩን በንጹሕ ውሃ እጠቡት። መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ፤ ከፋርማሲ ይገኛል። የበሰበሰውን ጤነኛው ነጭ ሥር እስኪታይ ቁረጡ። አትራሩ። የተረፈ ብስባሽ እንደገና ይዛመታል። ከእያንዳንዱ ጥቂት ቁርጥ በኋላ መቀሱን ደግማችሁ ጥረጉ።

አሮጌውን አፈር ጣሉት፤ ለሌላ ተክል አትጠቀሙበት። ሸክላውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሩ። በደንብ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁት። በረኪና ብረት ስለሚበላ መቀስ አትንከሩበት።

አዲሱ አፈር ሸካራ ይሁን። ጃፓኖች አካዳማ የሚባል የሸክላ አፈር ይጠቀማሉ። እኛ ዘንድ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ የተሻለ ነገር በእጃችን አለ ባይ ነኝ። ለመንገድና ለቤት መሠረት የሚሞላው ቀይ አሽ እና ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ ሁለቱም ቀዳዳ ቀዳዳ ናቸው። ውሃ ይይዛሉ፣ አየርም ያሳልፋሉ። ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነውን በወንፊት ለዩ። ዱቄቱን በደንብ አጥባችሁ አስወግዱ፤ ዱቄቱ ነው ቀዳዳውን የሚደፍነው። ለታመመ ዛፍ ኮምፖስትም ፍግም አልጨምርም።

ሥሩ ስለቀነሰ ቅጠሉም መቀነስ አለበት ይባላል። እኔ ብዙ አልቆርጥም። ቅጠል ነው ለአዲስ ሥር ምግብ የሚሠራው። የደረቀውንና የጠወለገውን ብቻ አስወግዱ። ዛፉን በሽቦ ከሸክላው ጋር እሰሩት፤ ከተወዛወዘ አዲሱ ለጋ ሥር ይቆረጣል። ነፋስና ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ብሩህ ጥላ ላይ አስቀምጡት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቅጠሉ ላይ ውሃ በስሱ እርጩ። አፈሩን የምታጠጡት ስንጥሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። አዲስ ቀንበጥ እስኪወጣና እስኪጠነክር ማዳበሪያ የለም። ከስድስት ሳምንት በፊት ባታስቡት ይሻላል።

መድኃኒት ካስፈለገ አንድ ነገር እወቁ። የውሃ ሻጋታዎች እውነተኛ ፈንገስ አይደሉም። ስለዚህ ለአመዳይ የሚሸጠው ድኝ ለነሱ ምንም አያደርግም። የእርሻ ግብዓት መሸጫ ሱቅ ስትሄዱ ሜታላክሲል ያለበትን ጠይቁ፤ ድንችና ቲማቲም አብቃዮች ያውቁታል። ግን ጭቃ አፈር ውስጥ ያለ ዛፍን ምንም መድኃኒት አያድነውም። ቅደም ተከተሉ አፈሩ፣ ከዚያ መድኃኒቱ ነው።

አመዳይ

አመዳይ ከሌሎቹ የቅጠል በሽታዎች የሚለይበት ነገር አለ። ዘሩ ለመብቀል ቅጠሉ ላይ ውሃ አያስፈልገውም። የታፈገ፣ ጥላ የበዛበት፣ እርጥበት ያለው አየር ይበቃዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ቦታ ነው። ዛፎቹን አራርቁ፣ የተጨናነቀውን ቀንበጥ አሳሱ፣ የጠዋት ፀሐይ ስጡ። ከዚያ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡና በጠዋት ፀሐይ እርጩ። በሳምንት አንድ ጊዜ። ወተት ቀልድ የሚመስላቸው አሉ፤ በዱባና በዘመዶቹ ላይ ተሞክሮ የሠራ ነው። ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ሊትር ውሃ፣ ከጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጋር። ቤኪንግ ሶዳ ሲደጋገም አፈሩ ላይ ጨው ስለሚያጠራቅም አፈሩን በላስቲክ ሸፍኑት።

ነጠብጣብና ዋግ

እነዚህ ደግሞ ርጥብ ቅጠል ይወዳሉ። ወይራ ላይ ክረምት ሲበረታ የሚመጣው ክብ ጥቁር ነጥብ፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነው፣ እንዲህ ያለ ነው። የታመመውን ቅጠል ሁሉ ልቀሙ። ወለል ላይ የወደቀውንም። ኮምፖስት ክምር ላይ አትጣሉት፤ አቃጥሉት ወይም አስራችሁ ከቆሻሻ ጋር አስወግዱት። ስታጠጡ አፈሩን ብቻ፣ በጠዋት ብቻ። የመዳብ መድኃኒትና ማንኮዜብ የሚባለው ጸረ ፈንገስ ጤነኛውን ቅጠል ይጠብቃሉ እንጂ የታመመውን አያድኑም። ስለዚህ ጊዜያቸው ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ የጽድ ባለቤቶች አንድ ልዩ ዋግ አለባችሁ። በጸደይ ከዝናብ በኋላ ጽዱ ላይ ብርቱካናማ እንደ ጄሊ ያለ ቀንድ ያወጣል። ኑሮውን ለመጨረስ ጽድንና የፖም ቤተሰብ ዛፍን ሁለቱንም ይፈልጋል። ጽድና ፖም ቦንሳይ ጎን ለጎን አታስቀምጡ። ዘሩ በነፋስ ሩቅ ስለሚሄድ ይህ ብቻ ሙሉ መፍትሔ አይሆንም፤ እብጠቱን ቀንድ ሳያወጣ በፊት ቆርጣችሁ ጣሉ።

የጽድ ጫፍ መድረቅ

ለጋው ጫፍ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ግራጫ ይሆናል። በሞተውና በሕያው መካከል ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ፎሞፕሲስ የሚባል ፈንገስ ነው። የሚገባው በለጋው ብቻ ነው፤ የበሰለ ቅጠል አይነካም። ጽድን ዘወትር በጥፍር እየቀነጠባችሁ ለጋ እንዲያወጣ ካስገደዳችሁት በራችሁን ከፈታችሁ ማለት ነው። የደረቀውን በደረቅ ቀን፣ ከሞተው በታች ወደ ጤነኛው ገብታችሁ ቁረጡ። በዝናብ ቀን አትግረዙ።

ነፍሳትን ማስወገድ

መጀመሪያ ውሃ። ዛፉን አጋድማችሁ፣ አፈሩን በላስቲክ ሸፍናችሁ፣ የቅጠሉን ጀርባ ጠንከር ባለ ውሃ እጠቡ። ለቀይ ሸረሪትና ለክሽክሽ ይህ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ። መጀመሪያ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። ቅጠሉ ካልተቃጠለ ማታ ላይ ሙሉውን እርጩ፤ በማግስቱ ጠዋት አለቅልቁት። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። ዕንቁላል አይገድልም። ስለዚህ በየአምስት ወይም ስድስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ድገሙት። አንዴ ረጭተው የሚያቆሙ ሰዎች «አልሠራም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ሚሊበግና ስኬልን በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ ጥረጉ። ቅርፊት ውስጥ ለገቡት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀሙ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ቦንሳይ ትንሽ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ጠንካራ ጸረ ተባይ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ክሽክሽ የሚበሉትንም እነ ጥንዚዛን አብሮ ይፈጃል፤ በማግስቱ ተባዩ ያለ ጠላት ይመለሳል። ከገዛችሁ ጽሑፉ ባለው በታሸገ ዕቃ ግዙ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ አትንኩ። ጓንትና ማስክ አድርጉ። ልጆች በማይደርሱበት ቆልፉበት።

ቁስልና የማይድኑ

የግንድ ቁስልን በንጹሕ ምላጭ እስከ ጤነኛው አረንጓዴ ድረስ ጥረጉ። ጠርዙን ለስላሳ አድርጉ፣ የላይና የታቹን ጫፍ አሹሉት፤ በቶሎ ይገጥማል። ከዚያ አየር አግኝቶ ይድረቅ። የሰመጠ ሽቦ ካለ አትጠምዝዙት፤ እየቆራረጣችሁ አውጡት። እያወቃችሁ ደረቅ እንጨት የምትተዉበት ቦታ ካለ ኖራና ድኝ ተፈልቶ የሚሠራው ፈሳሽ ከመበስበስ ይጠብቀዋል።

የማይድኑም አሉ። ሜፕል የምታሳድጉ፣ አንድ ቅርንጫፍ በድንገት ጠውልጎ ስትቆርጡት እንጨቱ ውስጥ የጠቆረ መስመር ካያችሁ ቨርቲሲሊየም የሚባል ፈንገስ ነው። መድኃኒት የለውም። በቫይረስ የተዥጎረጎረም እንደዚሁ። ዛፉን ለይታችሁ አስቀምጡት፣ መቀስ አታጋሩት፤ ከባሰበት ሌሎቹን ለማዳን አስወግዱት።

አዲስ ዛፍ ሲመጣ

ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ዛፍ ከሌሎቹ ጋር ወዲያው አይቀላቀል። አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። በየሳምንቱ በወረቀቱና በስንጥሩ መርምሩት።

ይህ ማካበድ ከመሰላችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ብሔራዊው የቦንሳይ ሙዚየም ያለውን ነጭ ፓይን አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በእንክብካቤ ያለ ዛፍ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከቦታው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በባለቤቱ በማሳሩ ያማኪ ግቢ ነበር። ተረፈ። ጃፓን ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት በዓል 53 ቦንሳዮች ስትሰጥ አብሮ ሄደ። አሜሪካም ሲደርሱ ዛፎቹ ተባይና በሽታ እንዳይዙ መጀመሪያ ተለይተው ቆይተዋል። ለእነዚያ ዛፎች እንዲህ ከተጠነቀቁ ለእኛ አራት ሳምንት አይበዛም። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ አረንጓዴ ነው።

የአዲስ አበባ ዓመት

ግንቦት ላይ አፈሩን ፈትኑ፤ ውሃ ስታፈሱ በሴኮንዶች ውስጥ ከታች ካልወጣ ክረምቱን አይችለውም። የተጨናነቀውን አሳሱ፣ የወይራውን የመዳብ መርጫ ያኔ ጨርሱ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ጽድና ወይራ ከላያቸው ግልጽ ላስቲክ ይፈልጋሉ፤ ብርሃን ይግባ፣ ዝናቡ አይግባ። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲመለስ በአንድ ቀን አታጋልጧቸው፤ ቅጠላቸው ለስልሷል። ከጥቅምት ጀምሮ የወረቀቱን ምርመራ በየሳምንቱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ፊከስና ቡና ማታ ማታ ግድግዳ ጥግ ይግቡ።

አንድ ዘዴ ቀረኝ። ስፖንጁን አስታውሱ። ክረምት ላይ ዝናብ ለቀናት ሳያቋርጥ ሲጥል ሸክላውን በአንድ ጎኑ ቁራጭ እንጨት አስደግፋችሁ አጋድሙት። ዝርጉ ሸክላ ለጊዜው ረጅም ይሆናል፤ የተጠራቀመው ውሃ በዝቅተኛው በኩል ይወርዳል። በየሁለት ቀኑ ጎኑን ቀይሩለት።

ያቺ ወይራ በነበረችበት ሸክላ ውስጥ ዛሬ ሌላ ወይራ አለ። አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሐምሌ ሲገባ ከሸክላው በታች በአንድ ጎኑ አንድ ቁራጭ ጣውላ አኖርለታለሁ።